ውሃው እስከ የት ይደርሳል?

በፍኖተ ሰላም ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



የምናገረው ስለ ልምምድ ተማሪዎች ነው። በየዓመቱ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ተማሪዎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ አካባቢያችን ይመጣሉ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ ሄልሜት ደፍተው፣ ማስታወሻ ደብተር በብብታቸው ሸጉጠው በመንገድ ሥራና በሕንፃ ግንባታ ላይ አይታችኋቸዋል። ቤት የምታከራዩ እናቶችማ ይበልጥ ታውቋቸዋላችሁ፤ ለአራት ወር ብቻ አንድ ክፍል የሚለምኗችሁ እነሱ ናቸው። እነሱ “ኢንተርንሺፕ” ወይም “አፓረንት” ይሉታል፤ እኔ ልምምድ እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመደቡት አማካሪ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ የማወራችሁም ስለዚያ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ሥራ የኖርሁና ተማሪ ስቀበል የቆየሁ ሰው ነኝ።

አማካሪ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። በአንድ ግንባታ ላይ ሦስት ወገን አለ። አሠሪው ገንዘቡን ያወጣል፤ ወረዳ፣ የክልል ቢሮ፣ የከተማ ውሃ አገልግሎት ወይም የግል ባለሀብት ሊሆን ይችላል። ተቋራጩ ይሠራል። አማካሪው ደግሞ መጀመሪያ ያጠናል፣ ዲዛይን ያወጣል፤ ሥራው ሲጀመር ሳይት ላይ ሰው አስቀምጦ ይቆጣጠራል። ፌሮው በተባለው ውፍረትና ርቀት ታስሯል ወይ? ገረጋንቲው በሮለር በሚገባ ተጠቅጥቋል ወይ? የግንቡ መሠረት ጠንካራ መሬት ላይ አርፏል ወይ? ይህን ሁሉ አይቶ ካላረጋገጠ ክፍያ አይጸድቅም። አፈር ከተመለሰበት በኋላ መሠረቱን ማንም አያየውም። መንገዱን የሚሄድበት ገበሬ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚማረው ሕፃን፣ ክሊኒኩ ውስጥ የምትወልደው እናት በሙሌቱ ቀን በቦታው አልነበሩም። አማካሪው የእነሱን ዓይን ተውሶ ነው የሚቆመው። ተማሪው ስሌቱን ክፍል ውስጥ ተምሮ ይመጣል፤ እዚህ መማር ያለበት በቦታው በሌለ ሰው ምትክ ማየትን፣ ያየውንም መጻፍን ነው። ይህን ደግሞ አማካሪው ብቻውን አያስተምረውም፤ የእናንተ እርዳታ ያስፈልጋል። የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

ተማሪን ወደ ገጠር መላክ በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ አብዛኞቹም መምህር ሆነው ወጡ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ከእናንተ መካከል እነዚያን ዘማቾች የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች የተላኩት ለማስተማርና ለማንቃት ነበር። የዛሬው የምህንድስና ተማሪ የሚላከው ለመማር ነው። ሥርዓቱም የተቀረጸው ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከጀርመን ጋር በተካሄደው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ሲሆን፣ የምህንድስና ትምህርት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ሲል አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ለልምምድ ተሰጠ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ደጉን ሐሳብ ግን የሚቀበለው አገር ካላገዘው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ለምን እዚህ? ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ምዕራብ ጎጃም ሥራ የሞላበት አገር ነው። ቡሬን ተመልከቱ። የደብረ ማርቆስ–ባሕር ዳር መንገድ ወደ ነቀምቴ የሚገነጠልበት ከተማ ነው። የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ ከእነሱ ጋር የመንገድ፣ የፍሳሽ፣ የውሃና የመጋዘን ጥያቄ አብሮ መጣ። ወደ ሰሜን ስትሄዱ መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ፤ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፣ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደ ነው። የውሃ ምህንድስና ተማሪ ከመጽሐፍ ይልቅ የቆጋን ቦዮች ከዋናው እስከ መጨረሻዋ የማሳ ቦይ በእግሩ ቢከተል ብዙ ያተርፋል። ከሁሉ በላይ ግን የገጠሩ መንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የተነሳው፣ ዩራፕ እያልን የምንጠራው ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቅዶ ነበር። ያን ያህል መንገድ የሚሠራና የሚቆጣጠር ነባር ድርጅት አልነበረም። ስለዚህ ገና የተመረቁ ወጣቶች ተደራጅተው በተቋራጭነትና በአማካሪነት ገቡ። ትናንት ተማሪ የነበረ ልጅ ዛሬ በአንድ ቀበሌ መንገድ ላይ ፈራሚ ሆነ ማለት ነው። በልምምዱ ጊዜ ማየት ያልተማረ ልጅ ፈራሚ ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ሳይት ልውሰዳችሁ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የመሠረት አርማታ በሚሞላበት ቀን አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከእኛ ጋር ነበረች። ሚክሰሩ ከማለዳ ጀምሮ ይዞራል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር፤ ውሃው በባልዲ ተለክቶ ይገባል። የእርጥበቱን ልክ የምንፈትንበትን የስላምፕ ሾጣጣ ለእሷ ሰጠኋት። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ታቹ 20፣ አፉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ነው። በሦስት ዙር ትሞላዋለች፤ በየዙሩ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ትወጋዋለች፤ አፉን ልጋ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ትመዘዋለች። አርማታው ብቻውን ቆሞ ይቀርና በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል። የወረደው በሜትር ይለካል። ረፋድ ላይ ስትለካ 6 ሳንቲ ሜትር ነበር። እኩለ ቀን ላይ 15 ሆነ፤ ክምሩ እንደ ቀጠነ ገንፎ ተንጋለለ።

የሰረቀ ሰው አልነበረም። ሲሚንቶው አልጎደለም። ፀሐዩ በረታ፣ አርማታው በባሬላ ለመሸከምና በአካፋ ለመገልበጥ ከበደ፤ ከሚክሰሩ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ለባልንጀሮቹ አዝኖ ውሃ ጨመረላቸው። ነገር ግን ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ የገባ ውሃ ውሎ አድሮ ይተናል፤ ሲወጣም በአርማታው ውስጥ ጥቃቅን ባዶ ቦታ ትቶ ይሄዳል። በካሬ ሳንቲ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ ይሸከማል የተባለው ከዚያ በታች ይወርዳል። ይህ ደግሞ በዚያው ቀን በዓይን አይታይም። እንዲያውም የቀጠነው አርማታ ሲፈስ ያማረ፣ ሲለሰን የተመቸ ይመስላል።

ልጅቱ ሜትሩን ይዛ ቆመች። ፎርማኑ በአባትነት ድምፅ “የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሁልጊዜም ያለ ነው” አላት። ሃያ ምናምን ሰው ሥራ አቁሞ ያያታል። የእሷ እድሜ ሁለት እጥፍ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ነው እያናገራት ያለው። በዚያች ቅጽበት ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም ያነበበችውን ቁጥርና ሰዓቱን በሳይት ደብተሩ ላይ እንድትጽፍ ነገርኋት። ጻፈች። ከዚያ “ጋሼ፣ ውሃው ይቀነስ፤ ይሄኛው ቅልቅል አይገባም” አለችው። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም። ፎርማኑም ጨዋ ሰው ነበር፤ ቅልቅሉ ተደፋ፣ ባልዲው ተቆጠረ፣ ሙሌቱ ቀጠለ። 15 ሳንቲ ሜትር በ15 የሆኑ የናሙና ኪዩቦች ወስደን ውሃ ውስጥ ነከርን። አንዳንዶቹ በ7ኛው ቀን፣ ሌሎቹ በ28ኛው ቀን ይሰበራሉ። በ7ኛው ቀን የመጨረሻውን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ያሳያሉ፤ ፍርዱ ግን የሚሰጠው በ28ኛው ነው። እነዚያን ቀናት ሳይጣደፉ መጠበቅም የዚህ ሙያ አንዱ ትምህርት ነው።

ስለ ማየትና ስለ መናገር ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ በካናዳ የኩቤክ ድልድይ የደረሰው ነገር ነው። በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ የሚሠራ ትልቅ የብረት ድልድይ ነበር። አማካሪው ቴዎዶር ኩፐር ዝናው የገነነ መሐንዲስ ነው፤ ግን ጤናው አይፈቅድለትምና ኒው ዮርክ ተቀምጦ ነው ሥራውን የሚመራው። በቦታው የነበረው ወኪሉ ኖርማን ማክሉር የሚባል ገና ወጣት መሐንዲስ ነበር። ማክሉር የታችኞቹ ትላልቅ ብረቶች መጉበጣቸውን ለካ። ጉብጠቱ እየጨመረ መሄዱን አየ። ጻፈ። በቦታው ያሉት “ፊትም እንዲሁ ነበር” እያሉ ሲከራከሩ፣ እሱ ራሱ ባቡር ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ሄዶ ለኩፐር ነገረው። ኩፐር ነገሩ ገባውና ተጨማሪ ክብደት እንዳይጫን ቴሌግራም መታ። ቴሌግራሙ የሄደው ግን የብረት ፋብሪካው ወዳለበት ወደ ፔንሲልቬንያ ነበር፤ ትእዛዙ ድልድዩ ላይ ወዳሉት ሠራተኞች በጊዜ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1907 ከሰዓት በኋላ የቀኑ ሥራ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ድልድዩ ወደቀ። 75 ሠራተኞች ሞቱ።

ማክሉር አይቷል፣ ለክቷል፣ ጽፏል፣ ተጉዟልም። የጎደለው “አቁሙ” የሚል ሥልጣን ያለው ሰው በቦታው መኖሩ ነው። ለተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ የምነግራቸው ለማስፈራራት አይደለም። ወጣት መሆን ከማየት እንደማይከለክል እንዲያውቁ ነው። እኛ አዛውንቶቹ ደግሞ ወጣቱ ያየውን የምንሰማበት በር ክፍት እንዲሆን ነው። ሳይት ላይ የሚመደብ ልምምደኛ ለማን እንደሚናገር፣ ያ ሰው ከሌለ ለማን እንደሚደውል፣ የት ላይ እንደሚጽፍ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል። ይህን የማያደርግ አማካሪ ተማሪ ባይቀበል ይሻላል።

እስካሁን ያልሁት ስለ አማካሪውና ስለ ተቋራጩ ነው። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የምዕራብ ጎጃም የገጠር መንገድ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ላህ፣ ብር፣ ተምጫ፣ ፈታም ስም ያላቸው ወንዞች ናቸው። የገጠር መንገድ የሚያቋርጣቸው ጅረቶች ግን አብዛኞቹ ከጎጡ ውጭ ስማቸው አይታወቅም፤ በጋ ላይ ደረቅ ናቸው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን በሬ ይወስዳሉ። በእነዚህ ላይ የውሃ መለኪያ የተከለ የለም። መሐንዲሱ በዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ወይም ስላብ እንደሚያስፈልግ ለመወሰን በሒሳብ ይገምታል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ እዚህ ያለ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ውሃው የሚሰበሰብበትን መሬት ስፋት በሄክታር፣ የኃይለኛውን ዝናብ ብርታት በሰዓት በሚሊ ሜትር፣ እና መሬቱ ከዘነበው ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚያፈስ የሚያሳይ ቁጥር ታባዛና ለ360 ታካፍላለህ። የሚወጣው በሰከንድ የሚያልፈው ሜትር ኩብ ነው።

በጃቢ ጠህናን ገጠር አንድ ተማሪ ይህን ሒሳብ ሠርቶ መጣ። ቁጥሮቹን ለመስማት እንዲመቹ አቅልዬ ልንገራችሁ። ከካርታው ላይ 40 ሄክታር ለካ። ዝናቡን 80 ሚሊ ሜትር ያዘ። ካርታው አካባቢውን ቁጥቋጦና ግጦሽ ስለሚለው፣ ከዘነበው አምስተኛው ይፈሳል ብሎ 0.2 ያዘ። 40 በ80 በ0.2፣ ለ360 ሲካፈል 1.8 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። የ90 ሳንቲ ሜትር ቱቦ መግቢያው ላይ ውሃው ከልክ በላይ ሳይተኛ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ኩብ ያሳልፋል። ሁለት ቱቦ በቂ ነው አለ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ስሌቱ ስህተት የለበትም።

ወደ ቦታው ሄድን። ቁጥቋጦው የለም፤ እስከ ጉብታው ድረስ በቆሎና ዳጉሳ የሚዘራበት የእርሻ መሬት ሆኗል። ካርታው አርጅቷል። የታረሰ ተዳፋት ከግጦሹ እጥፍ ያፈሳልና 0.2 ወደ 0.4 ሄደ፤ ውሃውም ወደ 3.6 ሜትር ኩብ አደገ። ተማሪው ይህንን በራሱ አይቶ አስተካከለ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ገበሬ በሬዎቻቸውን እየነዱ ደረሱ። ተማሪው ባርኔጣውን አውልቆ “አባባ፣ ክረምት ላይ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?” ብሎ ጠየቃቸው።

አባባ ምንም አልተናገሩም፤ ይዘውት ወረዱ። ከጅረቱ ዳር አንዲት ሾላ አለች። ከሥሯ ከፍ ብሎ፣ በሰው ደረት ልክ፣ ቅርንጫፎቿ መሐል ደርቆ የተጠላለፈ ሣርና አገዳ ነበር። “ይሄ የአምናው ነው” አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ግንዱ ላይ ያለች አንዲት ጠባሳ ነኩ። “ትልቋ ልጄ ክርስትና የተነሳች ዓመት ደግሞ እዚች ድረስ። ያን ጊዜ የአያ እገሌን ጊደር ወሰደ።” ተማሪው የመለኪያ ዘንጉን (ስታፉን) አቁሞ በከፍታ መለኪያው (በሌቭል) አነበበ። ከዚያ አባባ ማንም ያልጠየቃቸውን ጨመሩ። “ልጄ፣ የላይኞቹ ሰዎች ፈሰሱን ወደዚህ መልሰውታል እኮ። ድሮ ወደዚያኛው ሸለቆ ነበር የሚወርድ።”

ፈሰስ ለማታውቁ የከተማ ሰዎች፣ ገበሬው የክረምቱ ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ በእርሻው አግድም የሚቀድደው ቦይ ነው። ከጉብታው ወዲያ ያለው መሬት በካርታ ላይ ወደ ሌላ ተፋሰስ ይፈሳል። በሰው እጅ በተቀደደ ቦይ ግን ወደ እኛ ጅረት መጥቷል። ካርታው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሳተላይትም ቢሆን በቀላሉ አያየውም። ወጥተን ስንከተለው 40 ሄክታር የነበረው ወደ 65 ከፍ አለ። የመንገዶች መመሪያ ያንን ቀላል ቀመር ከ50 ሄክታር በላይ ስለማይፈቅደው ተማሪው ዘዴውን መቀየር ግድ ሆነበት። በሌላ በኩል አባባ ካሳዩት ምልክት ተነስቶ የጅረቱን ስፋት፣ ጥልቀትና ተዳፋት ለክቶ አሰላ። ሁለቱ መንገዶች 6 ሜትር ኩብ አካባቢ ላይ ተገናኙ። ከ1.8 ወደ 6። ሁለት ቱቦ ቢቀበር ኖሮ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በላዩ ያልፍና አፈር ሙሌቱን ይዞ ይሄድ ነበር። ዲዛይኑ ተቀይሮ በግንብ ላይ የሚያርፍ የስላብ ድልድይ ሆነ።

ቢሮ ውስጥ ቢቀመጥ ያ ልጅ ከመምህሩም ሙሉ ማርክ ያገኝ ነበር። አባባ ባይናገሩ መንገዱ አይቆምም ነበር። እኝህ ሰው ደመወዝ አልተቆረጠላቸውም፣ ስማቸው በሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም። እኔ ግን ይህ መጻፍ አለበት ባይ ነኝ። ናሙና የሰበረው ላብራቶሪ ስሙ ይጻፋል፤ ምልክት ያሳየ ገበሬም ፈቃዱ እስከሆነ ድረስ ሊጻፍ ይገባዋል።

ሌላም አለ። መንገድ ውሃውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ይለቀዋል። የሚለቀው ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ነው። ቱቦው በሚተፋበት በኩል ድንጋይ ካልተነጠፈ፣ እስከ ዋናው ጅረት ድረስ መውረጃ ካልተበጀ፣ በጥቂት ክረምት ውስጥ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ቦረቦር ይሆናል። ዲዛይን ላይ ይህ ወጪ ቀድሞ የሚቆረጥ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱን አያቆመውምና። ማሳው የተቆረሰበት ቤተሰብ ግን ጉዳቱን ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማል። ልምምደኛው ከመንገዱ በላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ በታች ያለውን ሰው ጭምር እንዲያነጋግር አዝዣለሁ፤ አሁንም አዛለሁ።

እናቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ምንጭ ሲጎለብት መሐንዲሱ ፍሰቱን በጀሪካንና በሰዓት ይለካል። 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ነው። ለገጠር በተያዘው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ ከ1,700 ሰው በላይ ያጠጣል። ይህ ግን የተለካው በጥቅምት ከሆነ ውሸት ነው፤ ምንጩ ገና ክረምቱን ጠጥቶ ነው ያለ። በሚያዝያ ምን ያህል እንደሚወርድ የምታውቀው ከሌሊቱ ተነስታ ወረፋ የምትይዘው እናት ናት። ተማሪውን “እስቲ ቆይ፣ በሚያዝያ ጀሪካኑ እስኪሞላ ልጅ ጡት ጠብቶ ይጨርሳል” ብትለው ከየትኛውም መሣሪያ የተሻለ መረጃ ሰጥታዋለች።

ስለ ተማሪዎቹ ኑሮም ዝም ብዬ አላልፍም። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ወደ 100 ብር ከፍ እስኪል ድረስ 22 ብር ነበር። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ በባጃጅ ሳይት ድረስ መሄድ እንዴት እንደሚቻል እናንተ አስሉት። ብዙ ቤተሰብ በሬ ወይም በግ ሸጦ ነው ልጁን ልምምድ የሚልከው። ሴቶቹ ደግሞ የባሰ አለባቸው፤ ሳይት ላይ መጸዳጃ የለም፤ ምሽት ላይ ሲመለሱ የሚያልፉበት መንገድ ጨለማ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ተማሪዎቹን ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳ ይከርማል፤ በመጨረሻ የልምምድ መዝገባቸው (ሎግ ቡክ) ላይ ማኅተም አሳርፎ ይሸኛቸዋል። ተማሪውም ያላየውን እንዳየ አድርጎ ከጓደኛው ይገለብጣል። ያ ማኅተም የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ልጁም ከነሐሰቱ ነገ ፈራሚ ይሆናል። ወላጆች፣ ልጃችሁ ከልምምድ ሲመለስ “ስንት አገኘህ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን አየህ? የት ቆመህ?” በሉት። መልስ ካጣ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ብዙ ሳይት አስቁሟል። ይህች ከተማም የሰው ሕይወት ከፍላለች። ወደ ገጠር መውጣት ያልቻሉ፣ ልምምዳቸውን ከተማ ውስጥ በወረቀት ብቻ የጨረሱ ልጆች አሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ሰላም ሲወርድ የፈረሰውን ሁሉ እንዲሠሩ የምንጠራቸው ናቸውና፣ ባልቆሙበት ሳይት ላይ፣ ሥራ ከያዙ በኋላም ቢሆን፣ አብሯቸው የሚቆም ነባር ባለሙያ ሊመደብላቸው ይገባል። የክልሉ የአማካሪ ድርጅቶች፣ የአማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎችን ጨምሮ፣ ይህን እንደ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን እንደ ሥራቸው አካል እንዲይዙት እለምናለሁ።

ከእናንተ ከታዳሚዎቹ የምለምነው ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየቀበሌው የጎርፍ ምልክት መመዝገብ እንጀምር። ሥራው እንዲህ ነው። መንገድ በሚያቋርጠው በእያንዳንዱ ጅረት ላይ ውሃው ከደረሰበት ከፍታ ልክ፣ በማይንቀሳቀስ ድንጋይ ወይም በግንብ ላይ በቀይ ቀለም አግድም መስመር ይሰመር። ዛፍ ያድጋል፣ ይቆረጣልም፤ ድንጋይ ይሻላል። ከመስመሩ ጎን ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። በደብተር ላይ ደግሞ የጅረቱ የአካባቢ ስም፣ ቀኑ፣ ዝናቡ የጀመረበትና ያባራበት ሰዓት፣ ውሃው ምን እንደወሰደ፣ ያየው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከላይ ፈሰስ የተመለሰበት ቦታ ካለም የት እንደሆነ ይጻፍ። ደብተሩን የቀበሌው ትምህርት ቤት ይያዘው፤ ርእሰ መምህር ቢቀያየር ደብተሩ ይቀራል። የሒሳብና የጂኦግራፊ መምህራን ልጆቹን ይዘው ቢወጡ ለትምህርቱም ጥሩ ነው። የሚመጣው ልምምደኛ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ትምህርት ቤት ይሆናል።

ቅጹን በአንድ ገጽ አዘጋጅተን ከመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። ከላህ፣ ከብርና ከፈታም ገባሮች ዳር የመጣችሁ ሁለት ሁለት ውሰዱ፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት። መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ይሙሉት። እዚህ ያሉት የምህንድስና ተማሪዎች አሁኑኑ ከጠረጴዛው ጀርባ ይቀመጣሉ፤ የምታስታውሱትን የጎርፍ ዓመት ንገሯቸው፣ እነሱ ይጽፋሉ።